ምንትዋብ ብዬ ስም ላውጣ ወይስ ይቅርባት?

ጥያቄውን የአዳማ ሰዎች በምንገናኝበት የኢንተርኔት ግሩፕ ላይ የለጠፍኩት እኔ ነኝ። ማክሰኞ ማታ ነው። ልጅቷ ጡት እንደጎረሰች እንቅልፍ ወስዷት፣ እኔ በአንድ እጄ ስልክ ይዤ። ፊደል ብገድፍ እንዳትፈርዱብኝ ብዬ ነበር የጀመርኩት። ፈርደውብኛል፤ መልስ ቁጥር 9 ላይ ትደርሱበታላችሁ።

ነገሩ ይሄ ነው። ሴት ልጅ ወልጃለሁ። 80 ቀኗ ሊሞላ 3 ሳምንት ቀርቶታል። የክርስትና ስሟን ቄሱ ይሰጧታል፣ እሱ አያሳስበኝም። የተቸገርኩት በዓለም ስሟ ነው። ልደት በ90 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት፤ አዋጅ ቁጥር 760/2004 እንደዛ ይላል። ከክርስትናዋ እስከ ምዝገባው ያለችኝ 10 ቀን ናት ማለት ነው። እስካሁን የምንጠራት ሚጣ እያልን ነው። ሚጣ ደግሞ በኛ ግቢ ብቻ ሁለት አሉ።

የእናቴ እናት ምንትዋብ ትባል ነበር። ይህን ስም ግን ሰፈሩ አያውቀውም። እዚህ አዳማ፣ ፍራንኮ አካባቢ ከ40 ዓመት በላይ ኖራለች። መጀመሪያ የእገሌ ሚስት ነበረች። ከዛ የእገሌ እናት። ሲመሻሽ እማማ። የዕድሩ መዝገብ ላይ የተጻፈው የባሏ ስም ነው። ያረፈች ዕለት ጥሩንባ ነፊው የጮኸው የአቶ እገሌ ባለቤት አረፉ ብሎ ነው። ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ፍትሐቱ በክርስትና ስሟ ተደረገ። ምንትዋብ የሚለው ቃል በዛን ቀን ከማንም አፍ አልወጣም። ያኔ ልብ አላልኩትም። አሁን፣ ልጅ ታቅፌ ስቀመጥ ነው የሚከነክነኝ።

መታወቂያዬን አወጣሁና አየሁት። የኔ ስም፣ የአባቴ ስም፣ የአባቴ አባት ስም። ወንድ ከሞተም በኋላ በልጁና በልጅ ልጁ ወረቀት ላይ እየተጻፈ ይኖራል። ሴት ግን ስሟ አብሯት አፈር ይገባል። ታዲያ ለልጄ ልስጣት ወይ ብዬ ጠየቅኩ። ስሙን ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ትርጉሙ በትክክል ምንድን ነው? ትምህርት ቤት ስትገባ ልጅቷ ታዝንብኛለች?

ጠዋት ስነሳ 14 መልስ ነበር። እስከ ዓርብ 30 አለፈ። ሁሉን እዚህ አልዘረግፍም። የሚረባውንም የማይረባውንም ግን ቀንጨብ ቀንጨብ እያደረግኩ እነግራችኋለሁ።

ከ1 እስከ 3 ያሉት እንኳን ማርያም ማረችሽ ነው። አሜን። 3ኛዋ ጨምራ ገንፎ በደንብ እየበላሁ እንደሆነ ጠየቀች። ስለ ስሙ ግን አንድ ቃል አልተነፈሰችም።

ወደ ጉዳዩ የገባው ቁጥር 4 ነው። ስሙን ከታሪክ ትምህርት እንደሚያስታውሰው፣ የአፄ ፋሲል ሚስት እንደነበረች ጻፈ። በልበ ሙሉነት። ቁጥር 5 አልታገሠውም። እሱ ጎንደር ተወልዶ ያደገ፣ አሁን እዚህ አዳማ ሆቴል ውስጥ የሚሠራ ሰው ነው። ፋሲል ያረፉት በፈረንጆቹ 1667 ነው፤ ምንትዋብ ያገባችው አፄ በካፋን ነው፤ እሱ የነገሠው በ1721 ነው፤ መሀላቸው ግማሽ ምዕተ ዓመት አለ ብሎ አረመው። ቁጥር 4 አመስግኖ ወጣ፤ ከዛ በኋላ አልታየም።

ቁጥር 5 ግን ቀጠለ፣ እኔም ደስ እያለኝ አነበብኩት። ምንትዋብ የቋራ ሴት ናት። እንደሚነገረው በካፋ ማንነቱን ደብቆ አገር ሲዞር ቋራ ላይ ታመመ። አስታማ ያዳነችው ያረፈበት ቤት ልጅ፣ እሷ ነበረች። በ1730 በካፋ ሲሞት ልጃቸው ኢያሱ ገና ሕፃን ነው። እናትየው አብራው ዘውድ ጫነች። ልጇ ሞቶ የልጅ ልጇ ኢዮአስ ሲነግሥም ቃሏ ይሰማ ነበር። ከጎንደር ወጣ ብሎ፣ ተራራው ላይ፣ ቁስቋምን ያሠራችው እሷ ናት። በ1770 ጎንደር የገባው እስኮትላንዳዊው መንገደኛ ጀምስ ብሩስ እዛው ቁስቋም አግኝቷታል። በፈንጣጣ የታመሙ ልጆችን አክሞላታል።

ከዚህ ሁሉ እኔን የያዘኝ ሌላ ነው። ሦስት ስም ነበራት። የክርስትና ስሟ ወለተ ጊዮርጊስ ነው። የዘውድ ስሟ ብርሃን ሞገሳ። ቄስ የሰጣትም ዙፋን የሰጣትም ቀርቶ፣ ሰው አፍ ላይ የቀረው ቤት ውስጥ የወጣላት ስም ነው። የኔ አያት የገጠማት የዚህ ግልባጭ ነው።

ቁጥር 6 ነገሩን አጨለመው። ጎንደር ለጉብኝት ሄዶ ቁስቋም ውስጥ የእቴጌዋን፣ የልጇንና የልጅ ልጇን አፅም በመስተዋት ሳጥን እንዳሳዩት፣ ስሙን በሰማ ቁጥር ያ ሳጥን እንደሚመጣበት ጻፈ። ለሕፃን ይከብዳል ባይ ነው። እኔም ሙት ያልተጠራበት ስም ካለ ንገረኝ አልኩት። ትንሽ ተቆጥቼ ነበር፣ አልዋሽም። እንቅልፍ የለኝም።

ቁጥር 7 ፖስታ ቤት አካባቢ ሱቅ ያላት ሴት ናት። በጣት ቆጠረችልን። በዕድሜዋ የምታውቃቸው ምንትዋቦች 4 ናቸው፤ ሁለቱ አርፈዋል፣ አንዷ ባሕር ዳር ናት፣ አንዷ ስሟን ቀይራለች። ቁጥር 8 አስተማሪ ናት። ባለፉት ዓመታት በጠራችው የስም ዝርዝር ውስጥ አንድም ምንትዋብ እንዳልገጠማት፣ በአንድ ክፍል ግን 3 ሶሊያና አስተምራ እንደምታውቅ ጻፈች። ኬብሮንና ኤልዳናም እንደ አሸን ፈልተዋል አለች። ይቺ ነገር በኋላ መዘዝ ታመጣለች።

አሁን ቁጥር 9። ጡረታ የወጡ የአማርኛ መምህር ናቸው፤ ሁሉም ጋሼ ነው የሚላቸው። በመልካም ሰላምታ ጀመሩ፣ አያቴን ነፍስ ይማር አሉ፣ ከዛ ወደኔ ዞሩ። በለጠፍኩት ጽሑፍ ውስጥ ስሙን አንድ ቦታ ምንትዋብ፣ ሌላ ቦታ ምንተዋብ ብዬ ጽፌዋለሁ። ባልታረመ ስም ልጅ አይጠራም ዓይነት ነገር አሉኝ። ከዛ ማብራሪያው መጣ። ስሙ ሁለት ቃል ነው፤ ምን እና ትዋብ። ምን እዚህ ጋ ጥያቄ አይደለም፣ አድናቆት ነው። ምንኛ ትዋባለች፣ እንዴት ያለች ውብ ናት እንደማለት ነው። ትዋብ የሚለውን ያመጣው «ት» ነው፣ እሱ ሴቲቱን ይጠቁማል። «ተ» ከገባ ግን ተዋብ ይሆናል። ተዋብ ደግሞ ለወንድ የሚሰጥ ትእዛዝ ነው። የእቴጌ ስም በአንዲት ፊደል ስህተት ወንድን ልበስና አጊጥ ብሎ ማዘዣ ይሆናል።

ቁጥር 10 ለባሏ የሚያስፈልገው ይሄው ትእዛዝ ስለሆነ በ«ተ» ይጻፍልን አለች። ጋሼ አልሳቁም።

ቁጥር 11 ዩኒቨርሲቲ ያለ ልጅ ነው። ትዋብ እንደ ትኑር፣ እንደ ትደግ ምርቃት ሊሆን ይችላል፣ ስሙ አድናቆት ሳይሆን ምኞት ነው አለ። ጋሼ በቁጥር 12 ተመለሱ፤ አጭር ነበሩ። ምኞት ከሆነ ምን የሚለውን የት ታደርገዋለህ፣ ሰው ምን ትኑር ተብሎ ተመርቆ ያውቃል ወይ ብለው ጠየቁት። ልጁ አልመለሰም። እኔ ጋሼ ያሸነፉ ይመስለኛል። ግን የልጁንም ወድጄዋለሁ። የተወለደችን ልጅ አይቶ ምን ትዋብ የሚል ሰው እያደነቀም እየመረቀም አይደል?

ቁጥር 13 ነገሩን አሰፋው። ስማችን ዓረፍተ ነገር ነው፣ ችግሩ ማን ይሰማዋል ነው ያለው። ምናለ፣ ምንያህል፣ ምንተስኖት በምን ይጀምራሉ። ማንደፍሮና ማንጠግቦሽ በማን። ከውበት የወጡትን ደግሞ ደረደረ፤ ውቢት፣ ውብነሽ፣ ውባለም፣ ለወንድ ውብሸት። የአፄ ቴዎድሮስ ሚስት ተዋበች አሊም አለች፤ ቴዎድሮስ ራሱ የቋራ ሰው መሆኑን አስታወሰን። ቋራዎች ውበት ያውቃሉ ማለት ነው ብሎ ዘጋው።

እዚህ ጋ ቆም ብዬ ነበር። አንድ የምወደው የሥራ ባልደረባ አለኝ፣ ስሙ ስንታየሁ ነው። ስንት ዓመት አብረን ስንሠራ ስንት አየሁ የሚለውን አንድም ቀን አልሰማሁትም። አንዲት እናት በሆነ ክፉ ዘመን ልጇን ታቅፋ ያለችው ነገር ነው። እኛ ግን በየቀኑ ስንቴ፣ ሻይ እንጠጣ እያልን እንጠራዋለን።

14ኛው ከጠዋቱ መልሶች የመጨረሻው ነበር። ምክሩ አጭር ነው። ልጆች ምንትዋብ አይሉም፣ ምንትስ ነው የሚሏት። ምንትስ ቅብጥርስ። የፈራሁት ይሄንን ነው፣ እሱ ግን በጠራራው ተናገረው። ከሱ ቀጥለው ሦስት ሰዎች የሳቅ ምልክት ብቻ አስቀመጡ።

ቁጥር 18 ቁም ነገር ይዛ መጣች። እድሜዋ የገፋ ይመስለኛል፣ አንቺ ልጄ እያለች ነው የጻፈችው። ያገራችን ሰው የሞተን ሰው በስሙ አይደግምም ነበር አለች። ሰው ሲሞትበትና ልጅ ሲወለድለት ምትኬ ይላል። ካሳ ይላል፣ ካሳሁን፣ ተካልኝ፣ ማስረሻ። የሞተው ስም አይጠራም፣ ቦታው ግን ይሞላል። አያትሽን ማስታወስ ከፈለግሽ ምትኬ በያት አለችኝ። ስሙን መልሶ መስጠት ከፈረንጅ የመጣ ነው ስትልም ጨመረች።

ብዙ አሰብኩበት። እውነቷን ነው፣ ማስረሻ የሚባል ስም ያለው ሕዝብ እንዴት እንደሚያዝን ያውቃል። ግን ማስረሻ የሚያስረሳው ማንን ነው? ለወንዱ ችግር የለውም። ማስረሻ ተብሎ የተተካው ሰው በልጆቹ የአባት ስም ቦታ ላይ ተጽፏል። አያቴ ግን ምትኬ ከተባለላት ማንም ሰው የማን ምትክ ብሎ ቢጠይቅ መልሱ የትም አይገኝም። ይሄንኑ ጻፍኩላት። ልብ ምልክት ሰጠችኝ፣ መልስ ግን የለም።

ቁጥር 20 የሕግ ሰው ነው መሰለኝ። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ለእያንዳንዱ ሰው ከግል ስሙና ከአባቱ ስም ሌላ የቤተሰብ ስም እንዲኖረው አስቦ እንደነበር ነገረን። ከ60 ዓመት በላይ ሆነው፣ የቤተሰብ ስም ያለው ጎረቤት አለኝ የሚል ካለ እጁን ያውጣ አለ። ማንም አላወጣም። በዛውም ላይ ቢሠራ እንኳ የቤተሰብ ስሙ የወንዱ ነበር የሚሆነው ስትል 21ኛዋ መለሰችለት። እሷን ላውቃት እፈልጋለሁ።

ከዛ 22 መጣ። ስሙ ደስ አላለውም፣ ደስ ያላለውን ሁሉ ደግሞ አንድ ላይ ነው የጻፈው። አዳማ ላይ ተቀምጦ የጎንደር ንግሥት ስም ፍለጋ ምን ይሉታል፣ የአካባቢው ስም አልቆ ነው ወይ አለ። 23 ተነሳበት። ስም ፓስፖርት አይጠየቅም አለ፣ እሱ ባልከፋ፤ ቀጥሎ የጻፈውን ግን እዚህ አልደግመውም። 24 ለሁለቱም ሌላ አወረደ። ሌሊቱን ሲሰዳደቡ አድረው ጠዋት አድሚኑ ጥቂቱን አጥፍቶ፣ ልጅ ለተወለደላት ሴት ቤት እንዲህ አይገባም ብሎ አስጠነቀቀ። በመሀል 26 ውሃ የጠፋው በኛ ሰፈር ብቻ ነው ወይ ብሎ ጠየቀ። አራት ሰው መለሰለት፤ በጠቅላላው የመልሶች ክር ላይ ሁሉም የተስማሙበት ብቸኛው ነገር ይሄ ነው።

ጠቡን ያበረደው ቁጥር 27 ነው፤ ያበረደው በታሪክ ነው። የምንትዋብ ልጅ ዳግማዊ ኢያሱ ያገባው የኦሮሞ ባላባት ልጅ ነው አለ። ስሟ ውቢት ነበር፣ የክርስትና ስሟ ቤርሳቤህ። ኢዮአስ የሷ ልጅ ነው። በኢዮአስ ዘመን በጎንደር ቤተ መንግሥት አፋን ኦሮሞ ይነገር እንደነበር ይወራል። ስለዚህ ቁጥር 22 የጎንደር ብሎ የገፋት ሴት የልጅ ልጇን ኦሮምኛ ሲናገር እየሰማች ነው ያረጀችው። አማቲቱ ምንትዋብ፣ ምራቲቱ ውቢት፤ ሁለቱም በውበት የተጠሩ። መጨረሻው አላማረም፣ ኢያሱ ሲሞት በሥልጣን ተቃቃሩ። ራስ ሚካኤል ስሑል መሀል ገባ፣ በፈረንጆቹ 1769 ኢዮአስ ተገደለ፣ ዘመነ መሳፍንት መጣ። ያም ሆኖ 22 ይህን ካነበበ በኋላ አንድ ጥያቄ ጠየቀ፣ በጨዋ ቃል፤ ውቢት የሚለው ስም ከአባቷ ቤት ይዛው የመጣችው ነው ወይስ ቤተ መንግሥት የወጣላት? የሚያውቅ አልተገኘም።

28ኛዋ የአርሲ ልጅ ናት። አፋን ኦሮሞም ለዚህ ቃል አያጣም አለችን። ባሬዱ ውብ ማለት ነው፣ ሚዻግዱም እንደዛው። ሁለቱም ለሴት ናቸው። ነገር ግን ቁቤ ላይ፣ ኦሮምኛ በሚጻፍበት የላቲን ፊደል፣ ሌላ ጣጣ እንዳለ አስታወሰችኝ። ቁቤ 5 አናባቢ ነው ያለው፤ የአማርኛው ሳድስ ፊደል ቦታ የለውም። ምንትዋብ ሲጻፍ ሚንቲዋብ ይሆናል፣ ሲነበብም እንደዛው። ሚንቲ። ማስቲካ መሰለች አልኩና ብቻዬን ሳቅኩ።

ከዚህ በኋላ ክሩ ከእጄ ወጣ። ስለ ሰው ስም የተጀመረው ወደ ከተማ ስም ዞረ፤ አዳማ ላይ ይሄ ሁልጊዜ የሚደረስበት ቦታ ነው። 29 የከተማዋን ስም ሳያነሳ አያልፍም፣ አነሳው። ናዝሬት ያሏት አፄ ኃይለ ሥላሴ ናቸው፤ አዳማ የሚለው ጥንታዊ ስሟ በይፋ የተመለሰው በኛ አቆጣጠር በ1992 ነው። 30ኛው አዲስ አበባ መናኸሪያ ሄደህ ረዳቶቹ ምን ብለው እንደሚጣሩ ስማ ብሎ መለሰ። 31 እኔ በአንዱ ስም ተወልጄ በሌላው ዲፕሎማ ወስጃለሁ፣ ከተማዋ ግን ያቺው ናት፣ ሙቀቷም ያው ነው አለች።

ጋሼ እዚህ ጋ ተመልሰው ገቡ። የሳቸውን ከሁሉ ወድጄዋለሁ። ምንትዋብ ቤተ ክርስቲያኗን ቁስቋም ያለችው ግብፅ ውስጥ ባለ ቦታ ስም ነው፤ እመቤታችን ልጇን ይዛ ስትሰደድ ያረፈችበት ነው። ናዝሬት ደግሞ ከስደት ተመልሰው የኖሩበት ከተማ ናት። አንዷ በስደቱ ሰየመች፣ አንዱ በመመለሻው። ሰው አገሩን በቅዱስ መጽሐፍ ስም መጥራት ልማዱ ነው አሉ፤ ደብረ ታቦርም አለ። ወዲያው 33 ገባና አዳማ የሚለው ከአዳሚ እንደመጣ፣ አዳሚም ቁልቋል እንደሆነ ነገረን። ስለዚህ ጋሼ የቁስቋም ሰው፣ እኛ የቁልቋል ሰዎች ነን አለ። ጋሼ በዚህኛው ሳቁ። ከት ብዬ ሳቅኩ ብለው ጻፉ፣ አራት ነጥብ አድርገው።

የቁጥር 8 መዘዝ 34 ላይ ደረሰ። ልጁን ኬብሮን ያለ አባት ነው። ልጄን ከአሸን ጋር የቆጠርሽ አስተማሪ ብሎ ጀመረ። ስሙን ከኢንተርኔት እንዳልለቀመው፣ ኦሪት ዘፍጥረት ውስጥ እንዳለ፣ አብርሃም የኖረበት ምድር መሆኑን አስረዳ። ቁጥር 8 ትሕትና አልነበራትም። አብርሃም ኬብሮን ላይ የገዛው መሬት ለሣራ መቃብር እንደሆነ አስታወሰችው። ይሄ ግፍ ነው። ልጅ ስም ሲወጣለት የሰማው ሰው ሁሉ ጥልቅ ብሎ የሚገባበት ለምን እንደሆነ አይገባኝም፤ እኔ ጠይቄ ነው፣ እሱ ግን አልጠየቀም። 36 ላይ አስተማሪዋ ይቅርታ ጠየቀች። 37 ላይ አባትየው የልጁን ፎቶ ለጠፈ፤ ጥርሷ ሁለት ነው። ሁሉም እደጊ አላት።

38 በነጋታው ማታ መጣች። ስሟ ምንትዋብ ነው። ቁጥር 7 ከቆጠረቻቸው ውስጥ እንዳልሆነች መጀመሪያ ተናገረች።

ያልኳችሁ ሁሉ ደርሶባታል። አዲስ አስተማሪ በመጣ ቁጥር ስም ሲጠራ ምን ላይ ይቆማል። ፊቱን ያጨማድዳል፣ ከዛ ትዋብ ይላል፣ በጥያቄ ድምፅ። ክፍሉ ይስቃል። ምንትስ ብለዋታል፣ ምንቴ ብለዋታል፤ አንዱ ልጅማ 3ኛ ክፍል ሙሉ ምን ትበላ ነበር የሚላት። በ14 ዓመቷ ሚና ነኝ ማለት ጀመረች። ትልቅ ስትሆን ወረቀቱ መጣ። የትምህርት ማስረጃዋና ፓስፖርቷ ላይ ስሟ በላቲን የተጻፈው ለየቅል ነው። አንድ ቢሮ ሁለት ሰው ናችሁ ብሏት 5 ወር ተመላልሳለች።

ከዛ ግን ሌላ ነገር ጻፈች። አባቷ ታሞ በተኛበት ጊዜ ሰው አይለይም ነበር። አንድ ቀን ፊቷን እያየ ስሟን ጠራት። እየጠራት ይሁን ወይስ የሆነች ቆንጆ ሴት አይቶ እየተደነቀ መለየት አልቻለችም። ምን ትዋብ ነው ያለው፣ ቀስ ብሎ፣ ለያይቶ። ሚና ማለት ያቆመችው ከዛ ወዲህ ነው።

39ኛዋ ታዲያ ለልጄ ስሙን ትመክሪያታለሽ ወይ ብላ ጠየቀቻት። አልመልስም አለች። ሴት ልጅ እንዳላት፣ ስሟም ሶሊያና እንደሆነ ብቻ ነገረችን። ቁጥር 8 እንኳ ዝም አለች።

እኔ ከዛ በኋላ ሁለት ቀን አልጻፍኩም። ባሌ ክሩን ለእናቱ ሲያነብላቸው አመሸ። እሳቸው ከአዳማ ወጣ ካለ ገጠር ናቸው፤ አማርኛ ይሰማሉ፣ ሲደሰቱና ሲቆጡ ግን በኦሮምኛ ነው። ምን ትዋብ ምን ማለት እንደሆነ ጠየቁት። ነገራቸው። ልጅቷን ከእጄ ተቀበሉና ባሬዱ አሏት። ከዛ ወዲህ እሳቸው ዘንድ ስሟ ባሬዱ ነው፣ የምዝገባውን ወረቀት ማንም አልጠበቀም። የክርስትና ስም ሲጨመር ሦስት ሊሆንላት ነው። ይሄንን 41 ላይ ጻፍኩት። ቁጥር 27 አማትና ምራት ሥልጣን ላይ እንዳትጣሉ ብሎ መከረኝ።

ምንትዋብ ይሁን ብለን ቆረጥን። 42 ላይ አስታወቅኩ። እልልታ መጣ። 22ም እልል አለ፣ ይመዝገብልኝ። ሁለት ሰው ጣይቱ ይሻል ነበር አሉ። 18 ምትኬ የሚለውን ለሁለተኛዋ ልጅ አስቀምጪው አለችኝ። ገና ከመጀመሪያዋ አልተነሳሁም።

የ10 ሳምንት ክትባቷ ቀን ካርዷን ይዤ ሄድኩ። የስም ቦታው እስከዛ ቀን ባዶ ነበር። ነርሷ ስሟን ጠየቀችኝ፣ ነገርኳት። ቀና ብላ አየችኝ፣ ደግሜ ነገርኳት፣ ጻፈችው። ቤት ደርሼ ካርዱን ስገልጠው ምንተዋብ ይላል። በ«ተ»።

ለጠፍኩት፤ ለማን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ጋሼ በ10 ደቂቃ ውስጥ መለሱ። ዛሬ ካልታረመ ነገ የልደት ወረቀቱ ላይ፣ ከነገ ወዲያ ፓስፖርቱ ላይ ይገባል አሉ፤ 38ን አየሻት አይደል አሉኝ። የአያትሽ የድሮ የቀበሌ መታወቂያ ካለ ይዘሽ ሂጂ፣ ትክክለኛውን ፊደል ከሱ ላይ አሳዪያቸው ብለው መከሩኝ።

እናቴ ዘንድ ሄድኩ። ከሳጥኑ ሥር በፌስታል ተጠቅልሎ አገኘነው። ፎቶው ደብዝዟል፣ ማህተሙ ሐምራዊ ነው፣ ጠርዙ ተበልቷል። ስም የሚለው ፊት ለፊት በእጅ ጽሑፍ፣ በሰማያዊ ቀለም፣ ምንተዋብ ይላል።

ፎቶ አንስቼ ቁጥር 46 ላይ ለጠፍኩት። ጋሼ አይተውታል፣ ስልኬ ላይ ይታየኛል። እስካሁን ግን አልመለሱም።